«ነርቭ ሐኪም» ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? ከጥቁር አንበሳ እስከ አሜሪካ ያለውን መንገድ ተከትለን አየነው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት እናታችን ቡና ስትቀዳ ስኒው ከእጇ ወደቀ። ዞር ብለን ስናያት አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ጎረቤት ተጠራ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተቀጥፎ መጣ፣ ፊቷን አሸናት፣ አስተኛናት። ከሰዓት በኋላ ቀኝ እጇ አልነሳ ሲላት ነው ታክሲ የጠራነው። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ከስሟም ከዕድሜዋም በፊት የጠየቀን ነገር ቢኖር «ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመራት?» የሚል ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አልነው። ሰዓቱን አየ። አሥር ሰዓት አልፏል። ምንም አላለም፤ እኛም ያኔ አልገባንም።

በኋላ ነው የገባን። የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ በሲቲ ስካን አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ታይቶ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አገራችን ውስጥ እንደልብ አይገኝም። እኛ ሰዓቱን ዳማከሴ ስንጨምቅ ጨረስነው። «ነርቭ ሐኪም የለም ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ስፔሻሊስቷ የምትመጣው በሳምንት በተወሰነ ቀን ነው ተባልን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይሄ ጥያቄ የያዘን፦ ነርቭ ሐኪም ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ? አንድ ሰው ነርቭ ሐኪም የሚሆነውስ እንዴት ነው? ሐኪሞችን፣ ሬዚደንቶችን፣ ለአሜሪካ ፈተና የሚያነቡ ልጆችን አነጋገርን። ስማችን አይጠቀስ ስላሉን አንጠቅስም። እኛ ዲግሪ የለንም፤ ስለዚህ ያልገባንን ሁለቴ ሦስቴ ለመጠየቅ አላፈርንም።

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባውን እናጥራ

እኛ አገር «ነርቭ» የሚለው ቃል ያልተሸከመው ሸክም የለም። ወገቡን ያመመውም «ነርቭ ነው» ይላል፣ እጁ የደነዘዘውም «ነርቭ ነው» ይላል፣ የተናደደውም «ነርቬን አትንካው» ይላል። ስለዚህ ነርቭ ሐኪም ሲባል የሦስት የተለያዩ ሐኪሞች ሥራ ይምታታል። ሳይካትሪስት የአእምሮ ሕመምን የሚያክም ሐኪም ነው። ኒውሮሰርጀን ጭንቅላትና አከርካሪ ከፍቶ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ነው። ኒውሮሎጂስት፣ ማለትም የዛሬው ርዕሳችን፣ ቢላ አይዝም። ስትሮክን፣ የሚጥል በሽታን፣ ፓርኪንሰንን፣ ከባድ ራስ ምታትን፣ የመርሳት በሽታን፣ የነርቭና የጡንቻ መዛልን መርምሮ በመድኃኒትና በክትትል የሚያክም ነው።

ኪሱ ውስጥ ያለችው መሣሪያ ትንሽ የጎማ መዶሻ ናት። ጉልበት ሥር መታ ሲያደርግ እግር ይፈናጠራል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከዚያች ፍንጠራ ብዙ ነገር ያነባል። ሬዚደንቶቹ እንደነገሩን ሲሠለጥኑ መጀመሪያ የሚለምዱት «በሽታው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ሳይሆን «ጉዳቱ የት ነው?» ብሎ መጠየቅን ነው። አንጎል ላይ? አከርካሪ ውስጥ? ከአከርካሪ የሚወጣው ነርቭ ላይ? ወይስ ጡንቻው ራሱ ላይ? እናታችን ቀኝ እጇ ዝሎ፣ አፏ ተጣሞ፣ ስኒውን «በር» ብላ ስትጠራ፣ ጉዳቱ በግራው የአንጎል ክፍል እንደሆነ ሐኪሙ ፊልሙ ሳይመጣ ነበር የነገረን። የቀኝ እጅ አዛዥ በግራ በኩል ነው፤ የአብዛኛው ሰው ቋንቋም እዚያው ነው። እኛ ጠንቋይ መስሎን ነበር!

እዚህ አገር መንገዱ ምን ይመስላል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰህ በጥሩ ውጤት ሕክምና ትገባለህ። ፍሬሽማኑንና የኢንተርንሺፑን ዓመት ጨምሮ ስድስት ሰባት ዓመት። የኢንተርን ዓመት ማለት ዱቲ፣ ዱቲ፣ እንደገና ዱቲ ነው። ከዚያ የብቃት ፈተና ታልፍና ጠቅላላ ሐኪም ትሆናለህ፤ ሐኪሞቹ «ጂፒ» የሚሉት።

ስፔሻሊስት ለመሆን ደግሞ አገር አቀፍ የሬዚደንሲ ፈተና አለ። ውጤትህና ምርጫህ ተያይተው ትመደባለህ። ብዙ ጊዜ የሚያስተምርህ አካል አለ፤ የክልል ጤና ቢሮ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ስፖንሰር ካደረገህ ስትጨርስ ተመልሰህ የምታገለግለው እሱን ነው። ሬዚደንሲው ከውስጥ ደዌ ሕክምና ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ኒውሮሎጂ የሚፈልግ ሐኪም ልብ፣ ኩላሊትና ሳንባ የሚታመምባቸው ዋርዶች ላይም ያድራል። ሁሉንም ስትደምሩት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ አሥር ዓመት ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ነው። ጓደኞቹ ባንክ ተቀጥረው፣ አግብተው፣ ልጅ ሲያስተምሩ እሱ ገና ራውንድ ላይ ቆሞ ሲኒየሩ ይጠይቀዋል።

ይህ ሥልጠና አገር ውስጥ መሰጠት የጀመረው ደግሞ ብዙም ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የኒውሮሎጂ ሬዚደንሲ የከፈተው። ከዚያ በፊት ኒውሮሎጂስት መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሻንጣውን ይዞ ውጭ መሄድ ነበረበት። የሄደ ሁሉ ደግሞ አይመለስም።

ከተመለሱት ውስጥ ሳይጠቀሱ መታለፍ የሌለባቸው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አጥንተዋል። የሚጥል በሽታ ከአንድ ሺህ ሰው ውስጥ አምስት የሚሆኑትን ይዞ አገኙት። የከበደው ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ከታማሚዎቹ መሀል ዘመናዊ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በአገር ባህል መድኃኒት፣ በጸበልና በክታብ ነበር የሚታገሉት። ያነጋገርናቸው ሐኪሞች አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውናል፤ ችግሩ ሰው ጸበል መሄዱ አይደለም፣ ጸበል ሲሄድ ክኒኑን ማቆሙ ነው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ለብዙዎቹ የሚጀመርላቸው ፊኖባርቢታል ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ያለ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። እሳት ላይ የወደቀ ልጅ ጠባሳ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይሄ ለምን እንደሚያንገበግብ ይገባችኋል።

እዚህ አገር የሚሠለጥን ኒውሮሎጂስት የውጭ መጽሐፍ በአንድ መስመር የሚያልፈውን በሽታም በአካል ያየዋል። ጓያ አንዱ ነው። በድርቅ ጊዜ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ አይጠፋም፤ ሽሮውም ቂጣውም እሱ ይሆናል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሮቹ ይደርቁና ይተሳሰራሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ ነበር። አንዴ እግር ከያዘ አይመለስም። «የት ነው ጉዳቱ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ እግር አይደለም፤ እግርን የሚያዙት የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮች ናቸው። ይሄንን በሽታ ለማከም ከሐኪሙ ይልቅ የግብርናና የእርዳታ ሰው ቀድሞ መድረስ ነበረበት፤ ይሄን ያሉን ራሳቸው ሐኪሞቹ ናቸው።

ደመወዙስ? ስለሱ ብዙ አንልም፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱበትን ጥያቄ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስፔሻሊስት ስትሆን ቀን የመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ የግል ክሊኒክ እየሮጥህ ነው ኑሮ የሚሞላው። ለዚህ ነው ሚዛን ደፍቶ ቀጣዩን መንገድ የሚያስመርጠው።

አሜሪካ ለመግባት

ኢንቦክሳችን ውስጥ ከሕክምና ተማሪዎች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ነው። ዩኤስኤምኤልኢ ይባላል። ስቴፕ ዋን መሠረታዊ ሳይንስ ነው፤ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነጥቡ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆኗል። ስቴፕ ቱ ሲኬ ክሊኒካል ዕውቀት ነው፤ እሱ አሁንም በነጥብ ነው፣ ስለዚህ ክብደቱ ጨምሯል። በአካል ይሰጥ የነበረው የክሊኒካል ክህሎት ፈተና በ2021 ቀርቷል፤ በእሱ ምትክ ውጭ የተማሩ ሐኪሞች ኦኢቲ የሚባል የሐኪም እንግሊዝኛ ፈተና ይወስዳሉ። እነዚህን አልፎ ሰነዱ ሲጣራለት ሐኪሙ የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ያገኛል። ያለሱ ሬዚደንሲ የለም።

እያንዳንዱ ስቴፕ ወደ አንድ ሺህ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያስወጣል። ለአንድ ጂፒ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ አስሉት። ብዙዎቹ ዲያስፖራ ያለ እህት ወይም ወንድም ነው የሚከፍልላቸው፤ ሌሎቹ እቁብ ገብተው ነው። ቀልዳችንን አይደለም፣ የፈተና እቁብ አለ።

ከዚያ ማመልከቻው ነው። ኢራስ በሚባል ሥርዓት መስከረም አካባቢ ይላካል። የስቴፕ ውጤት፣ የራስ ጽሑፍ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ሆስፒታሎቹ አሜሪካ ውስጥ የሠራ ወይም ቢያንስ ቆሞ የታዘበ ሰው ነው የሚፈልጉት። ለአንድ ወር ኦብዘርቨርሺፕ ቪዛ፣ ቲኬት፣ ማረፊያ። ቃለ መጠይቁ ግን ከኮቪድ ወዲህ በአብዛኛው በቪዲዮ ሆኗል፤ ይሄ ለእኛ ልጆች ትልቅ እፎይታ ነው። መብራት ካልጠፋ።

ኒውሮሎጂ ከቆዳ ሕክምና ወይም ከአጥንት ቀዶ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ውጭ አገር ለተማሩ ሐኪሞች በሩን ከፈት ያደርጋል። አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የውስጥ ደዌ ነው፤ ቀሪው ሦስት ዓመት ኒውሮሎጂ። ከሦስቱ ውስጥ ቢያንስ አሥራ ስምንት ወር የአዋቂዎች ኒውሮሎጂ ነው፣ ሦስት ወር የሕፃናት፣ አንድ ወር ሳይካትሪ። ማመልከቻ ስትሞሉ ልብ በሉ፦ «ካቴጎሪካል» የሚባለው አራቱንም ዓመት አንድ ላይ ይሰጣል፤ «አድቫንስድ» የሚባለው ግን ከሁለተኛው ዓመት ነው የሚጀምረው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ለብቻው ሌላ ቦታ መፈለግ አለባችሁ። ይሄንን ሳይለዩ አመልክተው የተጎዱ አሉ።

አሁን ወደ ታዋቂው «ማች» እንምጣ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሐኪሙ ሆስፒታሎቹን በምርጫው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ሆስፒታሎቹም አመልካቾቹን ይደረድራሉ። ከዚያ ኮምፒውተር ነው የሚያገናኛቸው። ኮምፒውተሩ ከሐኪሙ ዝርዝር ይጀምራል። አንደኛ ምርጫህን ይሞክራል። ቦታ ካለ ለጊዜው ያስቀምጥሃል። በኋላ ሆስፒታሉ ከአንተ አስበልጦ የደረደረው ሰው ከመጣ ትወጣለህ፣ ወደ ሁለተኛ ምርጫህ ትሞከራለህ። እንዲህ እያለ ሁሉም እስኪረጋ ይቀጥላል። ትርጉሙ ምንድን ነው? «እዚያ አይቀበሉኝም» ብሎ የሚወደውን ሆስፒታል ወደ ታች ማውረድ ምንም አይጠቅምም። አንደኛ ያደረግከው ባይሳካ ሁለተኛው ላይ ያለህ ዕድል አይቀንስም። ለዚህ ቀመር መሠረት የሆነውን ሐሳብ የሠሩት ሎይድ ሻፕሊና ቀመሩን ለማች ያሻሻለው አልቪን ሮዝ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ሆኖም አሁንም «ብልጥ ልሁን» ብለው ዝርዝራቸውን የሚያጣምሙ አሉ። አታድርጉት።

ውጤቱ መጋቢት ውስጥ ነው፣ በአሜሪካኖቹ ማርች ሦስተኛ ዓርብ። ሰኞ ዕለት የሚደርሰው ኢሜይል ግን «ተመድበሃል» ወይም «አልተመደብክም» ብቻ ነው የሚለው፤ የት እንደሆነ እስከ ዓርብ መጠበቅ ነው። ያልተመደበ በዚያው ሳምንት ባዶ ለቀሩ ቦታዎች ይወዳደራል፣ ካልሆነ ዓመት ይጠብቃል። ሥራው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በጁላይ አንድ አካባቢ ይጀምራል። ክፍያው ብዙ ቦታ በዓመት ከስልሳ ሺህ ዶላር በላይ ነው። በሳምንት በአማካይ እስከ ሰማንያ ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ሌሊት ስትሮክ ያለበት ሰው ሲመጣ ስልኩ ይጮሃል፤ ሬዚደንቱ ወደ ሲቲ ክፍል ይሮጣል። የሚጠይቀውም ጥያቄ ያው እዚህ የተጠየቅነው ነው፦ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ?

ከአራቱ ዓመት በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ጨምሮ በስትሮክ፣ በሚጥል በሽታ፣ በእንቅስቃሴ መታወክ ወይም በነርቭና ጡንቻ መሳሪያ ምርመራ መጠበብ ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያውቃት ደብዳቤ

ብዙዎቹ የሚገቡት ጄ ዋን በሚባል ቪዛ ነው። ለዚህ ቪዛ ከሚያስፈልጉት ወረቀቶች አንዱ ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አገራችን በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋታል፣ ሐኪሙም ሲጨርስ ለመመለስ ቃል ገብቷል። ማለትም ኒውሮሎጂስት የሌላት አገር፣ ኒውሮሎጂስት እንደሚያስፈልጋት በማኅተም አረጋግጣ ትሸኘዋለች።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሕጉ ሁለት ዓመት አገርህ ኑር ይላል። ግን መውጫ አለው። እያንዳንዱ የአሜሪካ ግዛት በዓመት እስከ ሠላሳ ለሚደርሱ ሐኪሞች ይሄንን ግዴታ ማስነሳት ይችላል፤ በምትኩ ሐኪሙ ሐኪም ባጣ አካባቢ ሦስት ዓመት ይሠራል። የአሜሪካ ገጠርም ነርቭ ሐኪም አጥሮታል። ስለዚህ የእኛ ልጅ ቡታጅራ ያልደረሰውን ሕክምና ይዞ ሌላ ገጠር ይገባል።

እዚህ ላይ አስተያየት መስጫው ውስጥ ስድብ እንደሚጀመር እናውቃለን። «ከሃዲ» የሚለው ይመጣል። እኛ እንደዚያ አናይም። ያነጋገርናት አንዲት ልጅ አባቷ ታሞ መድኃኒት መግዛት ያቃታት ጂፒ ናት። እሷን ከሃዲ ለማለት ድፍረቱ የለንም። ግን ደግሞ እናታችን አጠገብ ለስምንት ሰዓት ተቀምጠናል፤ ስለዚህ «ይሂዱ፣ ምን አገባን» ማለትም አይሆንልንም። ሁለቱም ስሜት አለን፤ ማስታረቅ አልቻልንም። የሄዱትም ቢሆኑ ሁሉም አልጠፉም፤ በዓመት ለሁለት ሳምንት መጥተው ሬዚደንት የሚያስተምሩ፣ በቪዲዮ ኬዝ የሚወያዩ አሉ። ጥቁር አንበሳም ሥልጠናውን ሲጀምር ከውጭ የመጡ ኒውሮሎጂስቶች እያስተማሩ አግዘውታል።

ይሄንን ስታነቡ ቤታችሁ ያለ ሰው ድንገት ፊቱ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ ሰዓቱን ጻፉና ዳማከሴውን ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ምች ከሆነም እዚያው ይነገራችኋል።

እናታችን ደህና ናት። ስኒ በግራ እጇ ትይዛለች፣ «በር» ማለቷን ትታለች፣ አንዳንድ ስም ግን አሁንም ይጠፋባታል። ክትትል የሚያደርግላት ሬዚደንት ሊጨርስ ጥቂት ወር ነው የቀረው። ባለፈው ሐሙስ ጉልበቷን በመዶሻው መታ መታ አድርጎ ካርዱ ላይ ሲጽፍ «ልጄ፣ አንተም ልትሄድ ነው?» አለችው። ሳቅ አለ። ቀና ሳይል የሦስት ወር ቀጠሮ ጻፈላትና «እማማ፣ ክኒኑን እንዳያቋርጡ» ብሎ ወረቀቱን ሰጣት።